ስለ ብርቱካንና ስለ መንደሪን የአበባ ዱቄት

ብርቱካንና መንደሪን በቅጠልም በአበባም እጅግ ስለሚመሳሰሉ፥ ሁሉንም ቀላቅሎ መትከል ነውር የሌለበት ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን የአበባቸው ዱቄት ጠባዩ የተለያየ ነውና ይህ አሳብ ገበሬውን የሚጎዳ ስሕተት ነው። ይልቁንም ችግኝ የሚያድሉ የወረዳ ሹማምንት ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ዋሽንግተን ኔቭል የሚባለው እምብርታም ብርቱካን የሚረባ ዱቄት የለውም። በአበባው መካከል የቆሙትን የቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ በጣት ቢያሹት ቢጫ ብናኝ አይገኝበትም፤ ይሁን እንጂ ያለ ዘር ያፈራል። ይህ ዛፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. ከብራዚል ከባሕያ ወደ ዋሽንግተን፥ በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በዓለም የተሠራጨው ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ነው እንጂ በዘር አይደለም። ሳትሱማ የሚባለው መንደሪንም ሕያው ዱቄቱ እጅግ ጥቂት ነው።

ክሌመንቲን የተባለው መንደሪን ግን ዱቄቱ ሕያው ሲሆን የገዛ ራሱን አበባ አያስፀንስም። ብቻውን ሲተከል ፍሬው ዘር አልባ ይሆናል፤ የባዕድ ዛፍ ዱቄት ሲደርሰው ግን በዘር ይሞላል፥ በገበያም ዋጋው ይወርዳል። ሚኔኦላ የተባለው ዲቃላ ደግሞ በአንጻሩ የባዕድ ዱቄት ካላገኘ በሚገባ አያፈራም።

የእነዚህ ዛፎች ዱቄት የሚያጣብቅ ስለ ሆነ ነፋስ እምብዛም አይወስደውም፤ ተሸካሚው ንብ ነው። ስለዚህ በእስጳንያ፥ በቫሌንሲያ አገር፥ በአበባ ወራት ቀፎ ከአትክልቱ ስፍራ እንዲርቅ ደንብ ወጥቷል። ማር የብዙ ገበሬ ቤት መደጎሚያ በሆነባት በኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ የቀና አይሆንም። ጥፋቱ የማይስማሙትን ዛፎች አጎራብቶ የተከለው ሰው እንጂ የንብ አይደለምና።

እንግዲህ ባለ አትክልቱና ንብ አርቢው ተጣልተው ከሹም ፊት ከመቆማቸው አስቀድሞ ነገሩን በችግኝ ጊዜ ማቅናት ይሻላል። ክሌመንቲን ለብቻው ወይም ከእምብርታሙ ብርቱካን ጋራ ይተከል፤ ሕያው ዱቄት ካላቸው ከሌሎቹ ይራቅ። ሚኔኦላም ተስማሚ ጎረቤት ይፈለግለት። ችግኝ የሚያድል ሹም የዛፉን ስም ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ስም በመዝገብ ያስጽፍ። ችግኝ በአንድ ቀን ይታደላል፤ የአተካከሉ ስሕተት ግን ዛፉ እስኪደርቅ ድረስ ይኖራል።