የመስከረሙ ፖስታ

እኛ ቤት እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ የምንጫወተው ጨዋታ አለ። ልጄ፣ እናቴና እኔ በሚቀጥለው ኦስካር ማን እንደሚያሸንፍ ገምተን በወረቀት እንጽፋለን። ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ ከትተን ቡፌው ላይ ከሲኒዎቹ ኋላ እንሸጉጣለን። ፖስታው የሚከፈተው በጾም ወቅት፣ በየካቲት መጨረሻ ወይ በመጋቢት ነው። ስንጽፍ ፊልሞቹን አንዳችንም አላየናቸውም። ብዙዎቹ ገና ሲኒማ ቤት አልገቡም። የምንገምተው በወሬ ነው።

ወሬው ግን ቦታና ቀን አለው። ግንቦት ላይ ካን፣ በነሐሴ መጨረሻ ቬኒስ፣ ወዲያው አሜሪካ ተራራ ላይ ያለችው ቴሉራይድ፣ መስከረም ሊጠባ ሲል ደግሞ ቶሮንቶ። ጋዜጠኞቹ ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ ቆሞ ስንት ደቂቃ እንዳጨበጨበ ሰዓት ይዘው ይቆጥራሉ። እኔ ይህን ቁጥር አላምነውም። ተዋናዮቹ እዚያው አዳራሽ ቆመው እያዩት ማን ቀድሞ ማጨብጨቡን ያቆማል? ሠርግ ቤት የሙሽራው እናት ፊት ወጡ ጨው በዝቶበታል የሚል አለ?

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ የምታምነው ቶሮንቶን ነው። እዚያ ትልቁን ሽልማት የሚወስኑት ዳኞች ሳይሆኑ የተመልካቹ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 «ስለምዶግ ሚሊየነር»፣ በ2010 «ዘ ኪንግስ ስፒች»፣ በ2018 «ግሪን ቡክ»፣ በ2020 «ኖማድላንድ» ቶሮንቶ ላይ አሸንፈው ዋናውን ኦስካር መውሰዳቸውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ትደረድርልኛለች።

አምና እሷን ሰምቼ ጉድ ሆንኩ። መስከረም 5 ቀን 2017 ቶሮንቶ ላይ ያሸነፈው «ዘ ላይፍ ኦፍ ቸክ» ነበር፤ እኔም እሱን ጻፍኩ። ለካ ፊልሙ ገና አከፋፋይ አላገኘም ነበር! ሲኒማ ቤት የገባው ኦስካሩ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። እኔን ወደ ቶሮንቶ የመራችኝ ልጅ ደግሞ ራሷ ዞር ብላ የካንን አሸናፊ «አኖራ»ን ጽፋ አገኘኋት። አሸነፈም። ከዚያ ስለ ፊልሙ ሳነብ ለእሷ ዕድሜ የሚሆን እንዳልሆነ ገባኝና ደነገጥኩ።

«አይተሽዋል እንዴ?»

«አላየሁትም አባዬ፣ ገመትኩት እንጂ።»

ወላጆች ሆይ፣ ለዚህ ምን ይመለሳል?

እናቴ የጻፈችው «ፍሎው»ን ነበር። የላትቪያ የአኒሜሽን ፊልም ነው፤ ጎርፍ የወሰዳት ድመት ታሪክ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አይነገርበትም። እናቴ ሳሎን ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊልም ሲከፈት «ተርጉሙልኝ ማለት ሰለቸኝ» ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ነበር የምትሄደው። ልጄ የድመቷን ማስታወቂያ በስልኳ ስታሳያት «ይቺን ጻፊልኝ» አለች። ማንም በነፃ በሚያገኘው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር የተሠራው ያ ፊልም የፒክሳርንና የድሪምወርክስን ሥራዎች ጥሎ አሸነፈ። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ስትኮራብን ከረመች።

የዘንድሮው ጨዋታ እንደ አምናው አልሆነም።

የቬኒስን ወርቃማ አንበሳ የወሰደውን የጂም ጃርሙሽን ፊልም ሦስታችንም አለፍነው፤ የአምናው የቬኒስ አሸናፊ አንድም የኦስካር እጩነት ሳያገኝ መቅረቱን አንረሳም። እኔ በየትኛውም ፌስቲቫል ሳይዞር ሰሞኑን ሲኒማ ቤት የገባውን «ዋን ባትል አፍተር አናዘር»ን ጻፍኩ። ልጄ እንደለመደችው ወደ ቶሮንቶ ተመለሰች። መስከረም 4 ቀን እዚያ ያሸነፈው የክሎዊ ዣኦ «ሐምኔት» ነው። ምክንያቷም አለማመኛ አይደለም። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉት መራጮች ለምርጥ ፊልም አንድ ብቻ አይመርጡም፤ አሥሩን እጩዎች በደረጃ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ የሚያደርገው ፊልም፣ ገሚሱ ከሚያብድለት ገሚሱ ከሚጠላው ፊልም ይሻላል። «በእናት ሐዘን ደግሞ ማን ይጨክናል?» አለች።

እናቴ ቡናዋን እየቀዳች «የማን እናት?» ብላ ጠየቀች።

ልጄ አስረዳቻት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው «ሐምሌት» አለ አይደል፤ ይህን ቴአትር የጻፈው ሼክስፒር ሐምኔት የሚባል ልጅ ነበረው፣ ልጅ ሳለ ሞተበት፣ ፊልሙም የእናትየዋን ሐዘን ይተርካል።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ አንድ፣ እማማ።»

«የእኔ ዘጠኝ ነበር።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሳልወለድ የሞተ ታላቅ ወንድም እንደነበረኝ የሰማሁት ከአክስቴ ነው፣ ያውም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ። ፎቶ የለም። ስሙን እናቴ ፊት ጠርቼው አላውቅም።

«አባትየው ቤት ነበር?»

«አልነበረም። ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር።»

«አዎ» አለች እናቴ። አባቴ ያን ጊዜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ስኒውን ለልጄ አቀበለቻትና «እናትየዋን ሆና የሠራችውን ጻፊልኝ» አለች። ልጄ በእናቴ ወረቀት ላይ፣ ከምርጥ ተዋናይት አንጻር፣ ጄሲ በክሊ ብላ ጻፈች።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር ተከራከርን። ፊልሙ ሲገኝ ከአያቷ አጠገብ ቁጭ ብላ እየተረጎመችላት አብረው ሊያዩት ነው። «ተይ፣ በዚህ ዕድሜዋ አትቀስቅሽባት» አልኳት።

«እኔ ቀሰቀስኩባት እንዴ? ራሷ አይደል ያነሳችው?» አለችኝ። «ስሙ ማን ነበር?»

ነገርኳት። እሷም ሳትውል ሳታድር አያቷ ዘንድ ገብታ ስለ እሱ ጠየቀቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ ያን ስም ስትጠራ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ከዚያም ኳስ እንደሚወድ፣ ግራኝ እንደነበር፣ ወተት እንደማይጠጣ እየነገረቻት ቆየች። ገብቼ ልቀመጥ ፈለግሁ፤ አልደፈርኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ሽልማቱ መጋቢት 6 ነው፤ በእኛ ሰዓት ለመጋቢት 7 አጥቢያ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት። እናቴ ቀስቅሱኝ ብላለች። ልጄ ደግሞ የትርጉሙን ሥራ ከእኔ ጋር ልትካፈል ትፈልጋለች፤ የወንዶቹን ንግግር አንተ ትላለህ ብላኛለች። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳትም።