የሳምንቱ ቃል፦ «ላይን» በአማርኛ ስንት ነው?



ልጆቻችን «ላይን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ለብዙ ነገር ነው የሚጠቀሙባት። ደብተር ላይ የሚሰመረውም፣ ቲም ሆርተንስ የሚጠበቀውም «ላይን» ነው። ወደ አማርኛ ሲመልሷት ደግሞ ሁሉም «መስመር» ይሆንባቸዋል። አንድ ልጅ አዲስ አበባ ላሉት አያቱ በስልክ «መስመር ላይ ነበርኩ» ቢላቸው፣ ኢንተርኔት ላይ የነበረ ይመስላቸዋል። ሁለት ሦስቴ «ምን አልከኝ?» ከተባለ በኋላ ስልኩን ለእናቱ ያቀብልና ይሄዳል። እኛን የሚያሳስበን ይሄ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እነዚህን እንለይ፦

መስመር፦ የሚሰመር ወይም የተዘረጋ ነገር ነው። የካልጋሪ ባቡር ቀይ መስመርና ሰማያዊ መስመር አለው።

ሰልፍ፦ ሰዎች ተከታትለው ሲቆሙ ወይም ሲሄዱ ነው። በየዓመቱ ጁላይ ላይ የምናየው የስታምፒድ ትርኢት ሰልፍ ነው፤ ታክሲ ለመሳፈር የሚቆመውም ሰልፍ ነው።

ወረፋ፦ ተራ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ሰልፍ የለም፤ ወረፋ ግን አለ።

ተራ፦ የእያንዳንዱ ጊዜ ነው፤ «ተራሽ ደረሰ» እንላለን። ቦታም ይሆናል፦ ታክሲ ተራ፣ መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ።

ረድፍ፦ ጎን ለጎን የተደረደረ ነው። በፊደል ገበታችን ላይ ለ፣ ሉ፣ ሊ አንድ ረድፍ ናቸው።

ይህ የኛ ቋንቋ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጃፓንኛ የሚማር ሰው መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ «ሬትሱ» የሚል ቃል ያገኛል፤ ረድፍ ወይም ሰልፍ ማለት ነው። ከዚሁ የተሠራው «ግዮሬትሱ» ደግሞ እንደኛ «ሰልፍ» ወረፋ የያዙትንም፣ በትርኢት የሚያልፉትንም ያጠቃልላል። ቋንቋ ሁሉ ነገሩን የሚከፋፍለው በራሱ መንገድ ነው፤ ቃል በቃል መመለስ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የቤት ሥራው የእናንተ ነው፤ ደብተር አያስፈልገውም። በዚህ ሳምንት ሱቅ ውስጥ ወረፋ ስትይዙ ልጃችሁን «ስንተኛ ነን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ስንተኛ» ለሚለው እንግሊዝኛ አንድ ቃል የለውም፤ እዚያው ቆሞ ካልሰማው ሌላ የሚማርበት ቦታ የለም። «አራተኛ ነን» ካለ በኋላ ሰው ሲቀንስ እንደገና ጠይቁት፦ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። ከዚያ «ተራችን ደረሰ!» ይበል።

ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ስንተኛ እንደነበሩ እንጠይቃቸዋለን። መልካም ሳምንት!