ውሃው ሲወርድ፥ ማዳበሪያው ሲወጣ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ የለም። እኛ በጉንደ ወይን ያደግን ተማሪዎች ተረቱን ስንሰማ ከሌላው ሰው ይልቅ ፈገግ እንላለን፤ የከተማችን ስም ራሱ በግእዝ «የወይን ግንድ» ማለት ነውና። ዓባይ የኛንም ግንድ ሳይወስድ አልቀረም እያልን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንቀልድ ኖረናል። ዛሬ ግን ብዕር ያነሣነው ለቀልድ አይደለም። ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ስለ ዓባይ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጮኽ ከቈየ በኋላ፥ ከጮኽነው ሁሉ መካከል የ1894ና የ1952 ዓ.ም. ስምምነቶች ምን እንደሚሉ አስተካክሎ የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። ያን ሌሊት አፈርን፤ ይህን ጽሑፍ የወለደውም ያ እፍረት ነው።

በሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ፥ በጣልያን ወረራ ጊዜም መካከሉ እንደ ፈረሰ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ነጋዴው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ሸክሙም ለብቻው ታስሮ፥ ወዲህና ወዲያ ማዶ የቆሙ ሰዎች እየሳቡት ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ኋላ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ገመዱን የያዙት ሰዎች የሚሻገረውን ሰው ይወዱት እንደ ነበር አናውቅም። ግን ዋጋቸውን ይቀበላሉ፤ እርሱም በሚመጣው የገበያ ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ገመዱን አይለቁትም። በክፍል ውስጥ ስለ መንግሥታት ግንኙነት ከተማርነው ሁሉ ይህ የበለጠ ይገባናል።

የዓባይ ታሪክ የውሃ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ሰው የጥጥን ነገር ረስቷል። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስለ ሱዳን ወሰን ሲዋዋሉ፥ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ዓባይን፥ ጣናንና ሶባትን የሚደፍን ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። እንግሊዝ ይህን የፈለገችው ለምን ነበር? የላንክሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ ይሻሉ፤ ጥጡ በሱዳን በገዚራ ሜዳ ይበቅላል፤ ሜዳውን የሚያጠጣው ደግሞ ከኛ ተራራ የሚወርደው ውሃ ነው። የሰናር ግድብ በ1917 ዓ.ም. ተሠርቶ አለቀ። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን ኢትዮጵያ ሳትጠየቅ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ አንዱ የጣናን ግድብ፥ ሌላው በምዕራብ ኢትዮጵያ የባቡር መንገድና የንግድ ጥቅም እንዲያገኝ ሊረዳዱ ተስማሙ። በቤቱ ላይ እንግዶች ዕጣ ሲጣጣሉ የሰማ ባለቤት ዝም እንደማይል፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920 ዓ.ም. አሜሪካ ሄደው ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ብልህ ነገር ነበር፤ አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ገበያ ሻጩ እንደሚጎዳ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ነገሩን የጣልያን ወረራ አቋረጠው።

የ1952ቱ ስምምነት ግን እስከ ዛሬ የሚያናግር ነው። በጥቅምት ወር ግብፅና ሱዳን ተቀምጠው በአስዋን የሚለካውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የዓመት ውሃ ተካፈሉ፤ 55.5 ለግብፅ፥ 18.5 ለሱዳን፥ የቀረው 10 ለፀሐይ ማለትም ለትነት። ፀሐይ እንኳ ድርሻ ሲሰጣት ከአምስት እጅ አራቱን እጅ የሚበልጠውን ውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ አልተጠራችም።

ከዚህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1948 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካና እንግሊዝ ለአስዋን ግድብ ሊሰጡ ያሰቡትን ገንዘብ ከለከሉ፤ ናስር የስዊዝን ቦይ ወረሱ፤ በሚቀጥለው ጥቅምት እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና እስራኤል ጦር አዘመቱ። አሜሪካም ከካይሮ ጋር በተቀያየመችበት በዚያ ዘመን መሐንዲሶችዋን ወደኛ ላከች። በ1956 ዓ.ም. ያወጡት ባለ 17 ቅጽ ጥናት በዓባይ ላይ አራት ትልልቅ ግድቦች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ። ጥናቱ በመደርደሪያ ላይ ዕድሜውን ፈጀ፤ ገንዘብ የሚያበድር አልነበረምና። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የተሠራው በአገር ውስጥ ገንዘብ የሆነው ስለዚህ ነው። ከወላጆቻችን መካከል ከበግ ሽያጭ ቀንሰው ቦንድ የገዙ አሉ። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 5,150 ሜጋዋት ኀይል እንዲያመነጭ ተሠርቷል። በዚህ መኩራት ተገቢ ነው፤ እኛም ኰርተናል።

ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከጓደኞቻችን አብዛኞቹ «እንግዲህ ተፈጸመ፤ ግብፅ የወደደችውን ታድርግ» ይላሉ። እኛ አልተፈጸመም እንላለን። ዝናብ የሌለው፥ ከሚጠጣውና ከሚያርሰው ውሃ ጥቂቱ ሲቀር ሁሉ ከአንድ ወንዝ የሚመጣለት ሕዝብ ቢፈራ ፍርሃቱ የውሸት አይደለም። በ1952ቱ ውል የተበደልን መሆናችን የካይሮን ገበሬ ጥማት አያስቀርለትም። ደግሞም ግብፅ ዛሬ በዓባይ ብቻ አትኖርም። በዓለም ላይ ስንዴ ከውጭ በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ናት፤ ስንዴ የሚገዛ ሰው ያን ስንዴ ያበቀለውን ዝናብ እንደ ገዛ ይቈጠራል። የሩሲያና የዩክሬን ዝናብ በመርከብ እየተጫነ እስክንድርያ ይገባል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ ግብፅ የደነገጠችው ስለዚህ ነበር።

በዚያው ጦርነት እኛም ደንግጠናል። ማዳበሪያ በዓለም ገበያ ዋጋው ሰማይ ነካ። በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ በሰፈራችን ማሳውን አለስልሶ፥ ዘሩን አዘጋጅቶ፥ ዳፕና ዩሪያ ያጣ ገበሬ እጁን አጣጥፎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ በዓይናችን አይተናል። ከኛ አንዱ አባቱን ተከትሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሰልፍ ላይ አድሮ ባዶ ጆንያ ይዞ ተመልሷል። የጎንቻ ጤፍ የሚበቅልበት ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፥ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፥ በከባድ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚመጣ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳነው። አፈራችን ደግሞ በዚያው በረሃ በኩል በነፃ ይወርዳል። በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ ከፍ ብሎ እስኪታነጽ ድረስ ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ደለል ሞልቶበት ነበር። ከዚያ ደለል ውስጥ የጎጃም ማሳ ስንቱ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይወቅ።

ዩሪያ በብዛት ከሚሸጡት አገሮች አንዷ ግብፅ ናት። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ግብፅ ጋዟ እያነሰ ሄዶ ከእስራኤል ትገዛለች፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. እስራኤልና ኢራን ሲታኰሱ ጋዙ ተቋርጦ የግብፅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት በጋዎችም ጋዝ ስላነሰ በከተሞችዋ መብራት በፈረቃ ይጠፋ ነበር። እንግዲህ ላይኛው ጎረቤት ኤሌክትሪክ አለው፥ ማዳበሪያ የለውም፤ ታችኛው ጎረቤት ማዳበሪያ ይሠራል፥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭበት ጋዝ ያንሰዋል። የገበያ ሰው ይህን ቢያይ ምን ይላል? ኤሌክትሪካችን ለጅቡቲ፥ ለሱዳን፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለኬንያ ይሸጣል። ሱዳንና ግብፅም በመካከላቸው የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግተዋል። የሱዳን ጦርነት ሳይበርድ ይህ ሐሳብ ወረቀት ላይ እንደሚቀር እናውቃለን፤ ጦርነት ግን እስከ ዘላለም አይኖርም፤ ሰላም ሲመጣ ምን ይዘን እንደምንቀርብ ከወዲሁ ማሰብ ይገባናል።

«ህንድና ፓኪስታንስ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ በ1953 ዓ.ም. መግቢያ የተፈረመው የኢንደስ ውል ሁለት ጦርነት ችሎ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ህንድ አቋረጠችው። ውሉን ግን ልብ ብለን እንየው። ሦስቱን ወንዝ ለአንዱ፥ ሦስቱን ለሌላው አካፍሎ ጀርባ ለጀርባ አቆማቸው እንጂ አላገናኛቸውም። በሴኔጋል ወንዝ ላይ ግን ማሊ፥ ሞሪታንያና ሴኔጋል የማናንታሊን ግድብ የጋራ ንብረት አድርገው ኤሌክትሪኩን ይካፈላሉ። በ1981 ዓ.ም. ሴኔጋልና ሞሪታንያ ደም እስከ መፋሰስ ሲጣሉ እንኳ የጋራ ድርጅታቸው አልፈረሰም። የኛ ግድብ የኛ ነው፥ ይሸጥ አላልንም። የምንለው ሌላው ወገን ቢፈርስ የሚጐዳበት ነገር በመካከላችን ይኑር ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ለዚህ በር ከፍቷል፤ ግብፅና ሱዳን ከደጅ ናቸው፤ እነሱን ለማስገባት ዘለፋ የሚበቃ አይመስለንም።

በራሳችንም ላይ የምንለው አለን። ኤሌክትሪክ ለኬንያ ሲሸጥ በጎንቻ ገጠር ብዙው ቤት አሁንም በኩራዝ ነው። ለጎረቤት መሸጥ ክፉ አይደለም፤ የሽያጩ ገንዘብ ለገበሬው በማዳበሪያ፥ በእርከንና በመብራት ሲመለስ ግን አላየንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን የማንጠይቅ ከሆንን ማን ይጠይቅ?

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሳለን ስለ ግድቡ ስናወራ አንድ አባት ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጡን ነበር። ጨዋታችንን ስንጨርስ፥ «ኧረ ልጆቼ» አሉን፤ «ውሃውንስ ያዛችሁት፤ አፈሩንስ ማን ይይዝልናል?» መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረት ሥራ አስፈጻሚ ከፈተና በፊት በዚህ ነገር ላይ የክርክር ምሽት እንዲያዘጋጅ፥ ከጆግራፊ፥ ከሕግና ከእርሻ ክፍል መምህሮቻችንም አንዳንድ ሰው እንዲጋበዝ እንጠይቃለን። የሦስቱን ስምምነቶች ቃል አባዝተን ለማደል ወረቀቱ ከተሰጠን ጉልበቱ ከኛ ነው። የእኒያን አባት ጥያቄ የመጀመሪያ ጥያቄ አድርገን እናቀርባለን።