ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ

የመንዝ ልጅ መርከብን የሚያውቃት በመጽሐፍና በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300 ክንድ፥ ወርዷ 50 ክንድ፥ ከፍታዋም 30 ክንድ እንደ ነበረ ኦሪት ሲነበብ ይሰማል። ባሕርን ግን አይቶ አያውቅም። ከመሐል ሜዳ ቆሞ ቢመለከት የሚያየው ገደልና ሜዳ፥ የገብስ ማሳና የበግ መንጋ ነው። የግሼም ልጅ እንዲሁ ነው። የመርሐ ቤቴ ልጅ ቍልቍለቱን ወርዶ የጀማን ወንዝ ያያል፤ ጀማም በክረምት እጅግ ያስፈራል፤ ቢሆንም መርከብ የሚሸከም ውኃ አይደለም።

ስለዚህ አንዳንድ ሰው፥ «ለደገኛ ልጅ የመርከብ ታሪክ ምን ያደርግለታል?» ይላል። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። አገሪቱ በገዛ ስሟ የተጠራች የጦር መርከብ ነበረቻት። እርስዋም የአንድ ባላባት ወይም የአንድ ከተማ ገንዘብ አልነበረችም፤ የሁሉ ነበረች። የሁሉ የሆነ ነገር እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ የመንዝ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል።

መርከቢቱ የተሠራችው በአሜሪካ፥ ዋሽንግተን በሚባለው ሐይቅ ዳር ነው። በ1935 ዓ.ም. ወደ ውኃ ወረደች፤ በ1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች። የፊተኛ ስሟ ኦርካ ይባል ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ነው፤ በክንድ ቢለካ ወደ 190 ክንድ ይሆናል። እንግዲህ ከኖኅ መርከብ በ110 ክንድ ታንሳለች ማለት ነው። ነገር ግን የኖኅ መርከብ ሞተር አልነበራትም። ይህችኛዪቱ በሞተር ኀይል በአንድ ሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር፤ ይህም ብርቱ እግረኛ ከጧት እስከ ማታ የሚሄደው መንገድ ነው።

መድፍ ነበራት፤ ዋና ሥራዋ ግን መተኰስ አልነበረም። በዚያን ዘመን በባሕር ላይ የሚያርፉ፥ ከባሕር ላይም የሚነሡ አውሮፕላኖች ነበሩ። መርከቢቱ እነዚህን ትከተልና ታገለግል ነበር። ቤንዚንና ጥይት ታቀብላቸዋለች፤ ሲበላሹ ትጠግናቸዋለች፤ አብራሪዎቹንም ታበላለች፥ ታስተኛለች። በአጭሩ ለአውሮፕላኖች እንደ እናት ቤት ነበረች።

በኅዳር ወር 1937 ዓ.ም. በፊልጵስዩስ ደሴቶች አጠገብ አንዲት የአሜሪካ የጦር መርከብ በሌሊት ተመትታ ሰጠመች። ስሟ ኩፐር ይባል ነበር። ከሞት የተረፉት መርከበኞች በውኃው ላይ ሲንሳፈፉ አደሩ። በነጋ ጊዜ በኦርካ ከሚገለገሉት አውሮፕላኖች አንዱ ደርሶ በመካከላቸው ዐረፈ። እየዞረም አንድ በአንድ ለቀመ፤ ከመጠኑ በላይ እስኪሞላ ድረስ 56 ሰዎች አሳፍሮ ከባሕሩ ተነሣ። የጠላት አገር ቅርብ ነበረ፤ አብራሪው ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ ቢመለስ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

በዚያው ጦርነት አንዳንድ የጃፓን አብራሪዎች ለመሞት ቈርጠው ከነአውሮፕላናቸው በመርከቦች ላይ ይወድቁ ነበር። ኦርካም ከዚህ አደጋ አመለጠች እንጂ አልሰጠመችም። ሰላም ከሆነ በኋላ በ1940 ዓ.ም. ከሥራ ወጥታ ቆመች፤ በ1944 ዓ.ም. እንደ ገና ተጠራች፤ በ1952 ዓ.ም. ዳግመኛ ቆመች።

በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች፤ ያን ጊዜም «ኢትዮጵያ» ተባለች። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች ወዲህ አገሪቱ የምጽዋንና የዐሰብን ወደብ አግኝታ ነበር። የባሕር ኀይል በምጽዋ ተቋቋመ፤ የባሕር መኰንኖች ትምህርት ቤትም በአስመራ ተከፈተ። የኖርዌይ መኰንኖች መጥተው በማስተማር ረዱ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፈንጂ የምትጠርግ አንዲት መርከብ ከሆላንድ መጣች፤ ሆላንዶች አገራቸው ትንሽ ስትሆን ገና በሸራ መርከብ ዘመን ሩቅ ባሕር የተሻገሩ ሕዝብ ናቸው። ከሁሉ ትልቂቱ ግን «ኢትዮጵያ» ነበረች። በየዓመቱ የባሕር ኀይል በዓል በምጽዋ ሲከበር ከውጭ አገር የጦር መርከቦች እየመጡ በአጠገቧ ይቆሙ ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ የሚያደንቀው መድፉንና ሰንደቅ ዓላማውን ነው። ይልቅስ ሊደነቅ የሚገባው ትምህርቱ ነበር፤ መርከቢቱ ተማሪ ቤት ነበረችና። ባሕር አይቶ የማያውቅ ጐልማሳ በእርስዋ ላይ ሆኖ በኮከብ መንገድ ማወቅን፥ የባሕር ካርታ ማንበብን፥ ገመድ መቋጠርን ተማረ። ዝገት መፋቅንም ተማረ። ይህ የመጨረሻው ሥራ የተናቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የባሕር ጨው ቀንና ሌሊት ብረትን ይበላል። መርከበኛው ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ ይውላል፤ ከዚያኛው ጫፍ ሲደርስ በዚህኛው ጫፍ ዝገቱ እንደ ገና ጀምሯል። ጣራው ሲያፈስ ሣሩን እየለወጠ በሚኖር ቤት ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ መንግሥት ተለወጠ። የመርከቢቱ ስም ግን አልተለወጠም። በ1968 ዓ.ም. ውሰቱ ቀርቶ በዋጋ ተገዛች። እንግዲህ ሁለት ጊዜ በትልቅ ባሕር ጦርነት ዘመን የኖረ ሰው ቢኖር እንደሚሆነው፥ አርጅታ በሰላም ልትኖር ይገባት ነበር። አልሆነም። የአንድ ቤት ልጆች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር፤ ጦርነቱም ብዙ ዓመት ቈየ። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ተያዘች። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. የዐሰብም ወደብ በጠፋ ጊዜ «ኢትዮጵያ» ከሌሎች መርከቦች ጋራ ባሕሩን ተሻግራ ወደ የመን ሸሸች። በስደተኛነት በባዕድ ወደብ ቆመች። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ለብቻዋ መንግሥት ሆነች፤ በዚያው ዓመት መርከቢቱ በየመን እንደ ማንኛውም ቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ1988 ዓ.ም. የባሕር ኀይሉ ራሱ ፈረሰ።

ብዙ ሰው፥ «ወደብ ስለ ጠፋ መርከቢቱ ጠፋች» ይላል። ይህ ነገር ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን በፊልጵስዩስ ባሕር የባዕድ ጠላት ከሰማይ ሲወድቅባት አልጠፋችም ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጠብቋት ሁሉ አንድ ልብ ነበሩና። በኋለኛው ጊዜ ጠብ በቤት ውስጥ ገባ፤ ጠባቂም ታጣ። ጥፋቱን በአንድ ወገን ብቻ የሚጭን ሰው ደግሞ ነገሩን አልመረመረውም፤ በወንድማማች ጠብ ጊዜ የጋራው ዕቃ የሚሰበረው በሁለቱም እጅ ነው።

ለዚህ ነገር በመንዝ ሩቅ ምስክር አይፈለግም፤ ጓሳ አለ። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ብርዳም የሣር አገር ነው፤ የመንዝ ሰው ከ300 ዓመት በላይ በጋራ ሲጠብቀው ኖሯል። ለብዙ ዓመት ይዘጋል፤ ሣር አጫጅም ከብትም አይገባበትም። ጠባቂዎቹ በተራ ይጠብቃሉ፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ ወይም ድርቅ በጸና ጊዜ ሽማግሌዎች ተመካክረው ይከፍቱታል፤ ሁሉም በልኩ ለጣራውና ለገመዱ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ያ የቀድሞ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳም ተጐዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ሣሩም አገገመ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ዛሬም አሉበት።

ሣር ሥሩ በምድር ውስጥ ስለ ቀረ ጠባቂው ሲመለስ ይበቅላል። የተሸጠ ብረት ግን አይበቅልም፤ ከመርከቢቱ የቀረው በሰዎች ልብ ያለው ትምህርት ብቻ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የባሕር ኀይል እንደ ገና እንዲቋቋም መንግሥት አስታውቋል። አዲስ መርከብ በገንዘብ ይገዛል። በቀድሞዪቱ ላይ ዝገት የፋቁት ጐልማሶች ግን ዛሬ ሽማግሌዎች ሆነዋል። ማንበብና መጻፍ የተማረ ልጅ በአገሩ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቢያገኝ ደብተር ይዞ ቢቀርብ መልካም ነው። ከደጋ ወርዶ መጀመሪያ ባሕርን ያየባት ቀን እንዴት እንደ ነበረች፥ ጨዉን በምን እንደ ፋቀ፥ ወደ የመንም በተሻገሩ ጊዜ መልሕቁን የሳበው ማን እንደ ነበረ ይጠይቀው።