ረዳት ተዋናይት ትርፍ ሰው አይደለችም

ተዋናይት ሰብለ ተፈራ በ2008 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሰሞን በመኪና አደጋ ስታርፍ፣ በብዙ ቤት የታዘነላት በራሷ ስም አልነበረም። አንዱ «ትርፌ ሞተች» አለ፤ ሌላው «እማማ ጨቤ» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ሁለቱም የገጸ ባሕርያት ስሞች ናቸው።

በአንድ በኩል ይህ የችሎታዋ ምስክር ነው። ወጣት ሳለች አሮጊቷን እማማ ጨቤን ሆና ሰዉን አሳመነች። በ«ቤቶች» ድራማ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ትርፌ ሆና መጣች። ድራማው የጥላሁን ጉግሳ ሥራ ነው፤ የቤቱም አባወራ እሱ ነው። ትርፌ የምትኖረው በሰው ቤት ነው። ሆኖም ተመልካች እሷ ብቅ እስክትል ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ ከሳቅ ያለፈ ነው። ከደባርቅና ከዳባት ገጠሮች ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጃገረዶች አሉ። በድራማዎቻችን ዋናዋ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ባለቪላዋ ናት። እነዚህ ልጆች የራሳቸውን ኑሮ የሚያዩት በረዳት ተዋናይቷ በኩል ብቻ ነው። ተዋናይቷ ሠራተኛዋን ጅል አድርጋ ካቀረበቻት፣ በማግስቱ የሚሳቅባት በዚያው ቤት እንጀራ የምትጋግረው ልጅ ናት። ብልሃትና ኩርፊያ ያላት ሙሉ ሰው ካደረገቻት ግን ቤተሰቡ አብሯት ይስቃል። ይህን ልዩነት የምትፈጥረው «ረዳት» የተባለችው ናት።

የሌላውም ዓለም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊቷ ሃቲ ማክዳንኤል የቤት አገልጋይ ሆና በተጫወተችበት ፊልም በ1940 እ.ኤ.አ. የምርጥ ረዳት ተዋናይት ኦስካር አገኘች፤ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። በዚያው ምሽት ግን ያስቀመጧት ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ በሌላ ጠረጴዛ ነበር። ሥራውን አከበሩ፣ ሠሪዋን ገለል አደረጉ።

እኛስ ጠረጴዛውን አንድ አድርገናል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል። ሕግ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ድራማ አንዴ ተላልፎ አያበቃም፤ በድጋሚ ይታያል፣ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፣ ማስታወቂያ ይገባበታል። ስለዚህ የረዳት ተዋናይት ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ከድጋሚ ዕይታ የሚደርሳትም ድርሻ በግልጽ ይቀመጥበት። ስሟም በድራማው መጨረሻ ዓይን እስኪያነበው ድረስ ስክሪኑ ላይ ይቆይ። ጣቢያው ለማስታወቂያ ሲቸኩል ቀድሞ የሚቆረጠው እሱ ነውና።

የተመልካችም ዕዳ አለ። ገጸ ባሕርይዋን የወደደ ሰው የባለሙያዋን ስም ለማወቅ ለቅሶ መጠበቅ የለበትም። ትርፌን ያሳቀችን፣ ያስወደደችን ሰብለ ተፈራ ናት። ዛሬም በየድራማው ቡና አፍልታ፣ በር ከፍታ፣ ሁለት ቃል ተናግራ የምትወጣው ሴት ስም አላት። በቁሟ እንጥራት።