መርዶ ለማይነገራቸው ሕፃናት

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች የበላይ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች ሆይ፤

የአገራችንን ሕፃናት በአደራ ተቀብላችሁ መምህር የምትመድቡ፣ መዋቅር የምታጸድቁና በጀት የምታከፋፍሉ እናንተ ናችሁና፣ የሥራ ዘመኔን በአጸደ ሕፃናት መምህርትነት ፈጽሜ ጡረታ የወጣሁ እኔ ይህን ደብዳቤ ስጽፍላችሁ፣ ዓላማዬ ወቀሳ ሳይሆን ኅሊናችሁን መማጠን መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ጉዳዬም አንድ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆቻችን በሚውሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ ትካዜያቸውን የሚያዳምጥ፣ ጠባያቸው በድንገት ሲለወጥ ምክንያቱን የሚመረምር፣ ወላጆቻቸውንም የሚያማክር የሠለጠነ ሰው ይመደብላቸው ዘንድ እለምናለሁ።

የምክር አገልግሎት ሲባል ለብዙዎቻችን በዐይነ ኅሊና የሚታየን ፈተና ያስጨነቀው ወይም የሚያጠናውን ዘርፍ መምረጥ ያቃተው ጎረምሳ ነው፤ ስለዚህም ባለሙያው በተገኘ ጊዜ የሚመደበው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይሆናል። «ልጅ ምን ያውቃል» የሚለው ልማዳዊ አነጋገራችን በየቤታችን ሳይወሰን እስከ ጽሕፈት ቤቶቻችን ድረስ ዘልቆ፣ በአጸደ ሕፃናት የሥራ መደብ ዝርዝር ላይ መምህርት፣ ሞግዚት፣ የጽዳት ሠራተኛና ጥበቃ ሲጻፉ፣ የሕፃኑን ልብ የሚጠይቅ ሰው ግን ሳይጻፍ እንዲቀር ያደረገ ይመስለኛል።

እስቲ ስለ ኀዘን ያለንን ሥርዐት አስቡት። አንድ ጎልማሳ እናቱ የሞተችበት እንደ ሆነ፣ ወሬው በድንገት ደርሶ እንዳይጎዳው ዘመድና ጎረቤት ይመክራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል፣ የሚደግፉት ሰዎችም በግራና በቀኝ ቆመው መርዶውን ያረዱታል፤ ከዚያም ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፣ ለቀስተኛው ከጎኑ ተቀምጦ ያስተዛዝነዋል። ይህ አበው ያቆዩልን ታላቅ ጥበብ ነው። እናቱ የሞተችበት የ5 ዓመት ሕፃን ግን ወደ ጎረቤት ይወሰድና «እማማ መንገድ ሄዳለች፣ ትመጣለች» ይባላል። የሚያረዳው የለም፤ ለቀስተኛም የለውም። አያቱ ጥቁር መልበሷን፣ ሰዎች በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ቆይተው እሱ ሲገባ ዝም ማለታቸውን፣ የእናቱ ጫማ ከበር ሥር መነሣቱን አንድ በአንድ ያያል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሞት መመለስ የሌለበት መሆኑን ገና በቅጡ አይረዳምና በየማታው ይጠብቃታል። ከዚህም የከፋው፣ በዙሪያው የሚሆነውን ነገር ሁሉ ከራሱ ጋር የሚያገናኝበት ዕድሜ በመሆኑ፣ እናቱ የሄደችው እሱ ስላስቸገራት ወይም አንድ ቀን ተናዶ «ሂጂ» ስላላት ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሸክም ይዞ ነው በማግሥቱ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ምሳውን አንጠልጥሎ፣ «ሀ ሁ» ሊል ወደ እኛ የሚመጣው።

በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ዐዋቂው ምእመን የልቡን የሚገልጥለት የነፍስ አባት አለው፤ ከ7 ዓመት በታች ያለው ሕፃን ግን ኃጢአት ስለማይቆጠርበት ለንስሐ አይጠራም። መልካም ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን በደል የሌለበት ሁሉ ኀዘንም የለበትም ማለት አይደለምና፣ ለዚህ ንጹሕ ፍጡር የሆዱን የሚሰማለት ሰው ከወዴት ይገኝለት?

ነገሩ ከሩቅ የሚነገር እንዳይመስላችሁ ያየሁትን አንዱን ላንሣ። በማስተማር ሥራዬ መጨረሻ ገደማ፣ እናቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳበት ከአያቱ ጋር የሚኖር የ4 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤታችን ነበር። በምገባ ሰዓት ከሚታደለው ዳቦ ግማሹን እየበላ ግማሹን በኪሱና በቦርሳው ይሸሽግ ነበር፤ ቦርሳው ሲፈተሽ የደረቀና የሻገተ ዳቦ ተከምሮ ተገኘበትና ስርቆት ነው ተብሎ ተቆጡት፣ ዳቦውም ፊቱ ላይ ተደፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ መናገር ተወ፤ በቀን ልብሱን ያረጥብ ጀመር፤ ለዚህም እንደገና ተቀጣ። በዚያው ሰሞን ለልምምድ የመጣች አንዲት የሥነ ልቦና ተማሪ ነበረች፤ ልጁን ወደ ቢሮ ጠርታ ጥያቄ አላበዛችበትም፣ ከሰሌኑ ላይ ከእሱ ጋር ቁጭ ብላ በቆርኪና በጭራሮ ዕቃ ዕቃ ትጫወት ጀመር እንጂ። ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ልጁ ከጨርቅ የተሠራችውን አሻንጉሊት አስቀምጦ ቆርኪውን ከፊቷ እያቀረበ «እማዬ ስትመጣ ይርባታል» አለ። የዳቦው ምሥጢር ይህ ነበር።

ተማሪይቱ ያደረገችው ነገር ተአምር አልነበረም። አያቱን አስጠርታ ልጁ ከእናቱ ጋር በስልክ ዘወትር በታወቀ ቀን እንዲነጋገር፣ ፎቶግራፏም ከመኝታው አጠገብ እንዲሰቀል መከረች፤ ለልጁ መምህርትም ልብሱን ባረጠበ ጊዜ በሰው ፊት ሳይሆን በስውር እንድትቀይርለት ነገረቻት። ልጁ ቀስ በቀስ አፉን ፈታ። ልጅቱ ግን የልምምድ ጊዜዋ አልቆ ሄደች፤ ከእሷም በኋላ በቦታዋ የመጣ አልነበረም።

ለዚህ ዕድሜ የሚሰጥ ምክር እንግዲህ ይህን ይመስላል። ሕፃን በቃል ሊነግረን የማይችለውን በጨዋታው፣ በሥዕሉ፣ በምግቡ፣ በእንቅልፉና በልብሱ ይነግረናል፤ ይናገር የነበረው ሲዘጋ፣ ሽንት መቆጣጠር የለመደው ሲረሳ፣ ገሩ ልጅ ጓደኛውን ሲነክስ፣ የእናቱን መቀነት ይዞ አልለቅም ሲል፣ ይህን ሁሉ «ጥጋብ ነው» ወይም «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ከማለት አልፎ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በቀጠሉት ግጭቶች ከቤታቸው ተፈናቅለው በየመጠለያውና በየዘመዱ ቤት ላደጉት፣ የበር መንጓጓት ከጠረጴዛ ሥር ለሚያስገባቸው ሕፃናት ደግሞ ፍላጎቱ ምን ያህል የበረታ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ አድርጓቸዋል። ይህ ቃል የሚያኰራ ነው። ነገር ግን አርጩሜውን ከመምህርቷ እጅ ስንወስድ በምትኩ ያስያዝናት ዕውቀት አነስተኛ በመሆኑ፣ ሕፃናት በሞሉበት ክፍል ብቻዋን የቆመች፣ ደመወዟም ከድካሟ ጋር የማይመጣጠን ይህች ሴት፣ በጨነቃት ጊዜ ወደ ቁንጥጫና ወደ ኩርኩም ብትመለስ ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም፣ በጨዋታ ሊማር የሚገባውን የ5 ዓመት ልጅ በፈተናና በደረጃ እያወዳደሩ «ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ» በማለት የሚያስጨንቁት አሉና፣ ቁጥጥራችሁ ከግቢው ስፋትና ከመጸዳጃ ቤቱ ብዛት አልፎ ይህንንም ቢመለከት መልካም ነው።

እኔ የምጠይቃችሁ እናንተ ራሳችሁ ያልጻፋችሁትን አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአጸደ ሕፃናትን ዓላማ የሕፃኑ ሁለንተናዊ ዕድገት አድርጎት ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍም የትምህርትን፣ የጤናንና የሴቶች ጉዳይን ሚኒስቴሮች በአንድነት ያሰለፈ ሰነድ ነው። ሁለንተና የተባለው ነገር ልብን ካላካተተ ምንን ያካትታል?

«ባለሙያው ከየት ይመጣል፣ በጀቱስ?» እንደምትሉኝ ዐውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለእያንዳንዱ አጸደ ሕፃናት ዛሬውኑ አንድ የሥነ ልቦና ምሩቅ ይመደብ አልልም። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት የተደራጁ ናቸውና፣ ለእያንዳንዱ ጉድኝት ማዕከል አንድ የምክር ባለሙያ ተመድቦ በሥሩ ያሉትን አጸደ ሕፃናት በየተራ ቢጎበኝ፣ መምህራንንና ሞግዚቶችን ምልክቶቹን እንዲለዩ ቢያሠለጥን፣ የከበደውንም ወደ ሐኪም ቢመራ ለጅማሬ ይበቃል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ስለ ሕፃን ኀዘን፣ ፍርሃትና መለየት የሚያስተምር፣ በልምምድም የሚፈተን ኮርስ ይጨምሩ። ይህች አገር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥና ማሰማራት ችላለች፤ ያን ጊዜም የገንዘብ እጥረት ነበረብን፣ ይሁን እንጂ የእናቶችና የሕፃናት ሞት ያሳሰባቸው ሰዎች ቈርጠው ተነሡ።

አገልግሎቱ በትምህርት ቤት ይሁን የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጇን ለሐኪም እንድታሳይ የተነገራት እናት ወዲያው የሚታሰባት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው፤ በሰፈር ውስጥ «ልጇን አማኑኤል ወሰደችው» መባልን ስለምትፈራ ነገሩን ትሸሽጋለች። ጠበል የምትወስድም አለች፤ ውሰጅ፣ መልካም ነው፣ የትምህርት ቤቱ ምክር ከጠበሉ ጋር የሚጣላ አይደለም እላታለሁ። በአጸደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ፣ ልጇን ልትወስድ በመጣችበት ሰዓት፣ ከምታውቃት ሰው ጋር ቁጭ ብላ ብትነጋገር ግን ከኀፍረትም ከወሬም ትድናለች። ስለዚህ የሚመደበው ባለሙያ ምሥጢር ጠባቂ ይሁን፤ የሰማው ነገር በወላጆች ስብሰባ እንዳይነሣ፣ በልጁ ማኅደር ላይም ነውር ሆኖ እንዳይጻፍ በመመሪያ ይደንገግ።

የሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ከዚያ አስቀድሞ የመደብ ዝርዝሩ ከጠረጴዛችሁ ደርሶ ልትፈርሙበት ስትሉ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ አንድ የመንግሥት አጸደ ሕፃናት ያለ አጀብ ሄዳችሁ ሞግዚቶቹን፣ ከልጆቹ መካከል ዝም ያለው ማን እንደ ሆነና ከመቼ ጀምሮ ዝም እንዳለ እንድትጠይቁልኝ፣ የሚሰጧችሁን መልስ ከሰማችሁ በኋላም በዝርዝሩ ላይ የጎደለውን አንድ መደብ በእጃችሁ እንድትጨምሩበት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣች የአጸደ ሕፃናት መምህርት