ማዕቀፍ ቢያግዝም ኃላፊነትን አይረከብም

በሶፍትዌር ልማት ላይ በሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናታዊ ጽሑፎች ውስጥ «ሥርዓቱ በጃንጎ ተሠርቷል» ወይም «ለውሂብ አያያዝ ሃይበርኔት ጥቅም ላይ ውሏል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማግኘት የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫው ብዙ ጊዜ ምንም አይባልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋም ይህች ዓረፍተ ነገር አትበቃም የሚል ነው። በሦስተኛ ወገን የተዘጋጀ ማዕቀፍ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በሌሎች አስቀድሞ የተሰጠ ውሳኔም ነው፤ ተመራማሪም ያልመረመረውን ውሳኔ የራሱ አድርጎ ሊያቀርብ አይገባውም።

የጉዳዩን መነሻ ለመረዳት ወደ መሠረቱ መመለስ ይጠቅማል። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ዝምድናዊ ሞዴል ውሂብን በሠንጠረዥ መልክ ያያል፤ ነገር ተኮር የፕሮግራም አጻጻፍ ግን እርስ በርስ በሚጠቋቆሙ ነገሮች መረብ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ሃይበርኔትና እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ከቀረበው ጃንጎ ጋር ያለው ማዛመጃ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆነው ያገለግላሉ። ጥቅማቸው አይካድም። ተደጋጋሚ ኮድን ይቀንሳሉ፤ እሴቶችን ከመጠይቁ ለይተው ስለሚልኩም በአግባቡ ሲሠራባቸው ተንኮለኛ ኤስኪውኤል ወደ መጠይቁ ሰርጎ እንዳይገባ ይከላከላሉ። ሆኖም አስተርጓሚ በገባበት ሁሉ ተናጋሪው ያላሰበው ነገር ሊተላለፍ ይችላል።

ለምሳሌ የ200 ተማሪዎችን ስም ከነትምህርት ክፍላቸው የሚዘረዝር ገጽ እንውሰድ። በአንድ ዑደት የተጻፈው ኮድ ለዓይን ንጹሕ ነው። በጃንጎ ነባሪ አሠራር ግን ለተማሪዎቹ ዝርዝር አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የትምህርት ክፍልም አንድ አንድ፣ በድምሩ 201 መጠይቆች ወደ ውሂብ ጎታው ይላካሉ። ውሂብ ጎታው በአጥኚው ላፕቶፕ ላይ ሳለ ጉዳቱ አይሰማም። አገልጋዩ ርቆ የአንዱ ምልልስ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ግን ገጹ በምልልስ ብቻ ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ሁለቱን ሠንጠረዦች አጣምሮ በአንድ መጠይቅ ማምጣት የአንድ መስመር ማስተካከያ ነው፤ ችግሩን ያላየ ሰው ግን መፍትሔውን አይፈልግም። ጥናቱ የሁለት ሥርዓቶችን ፍጥነት የሚያወዳድር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከመዘግየት ያልፋል፤ የተለካው ንድፉ ሳይሆን ሳይታወቅ የተላከው የመጠይቅ ብዛት ይሆናልና መደምደሚያው ይፈርሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ጃንጎ አብሮ የሚያቀርበው የተጠቃሚ ሞዴል «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ መስኮች አሉት፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለሚጽፍ መዝገብ ግን የተመቸ አይደለም። የቀን መስኩ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ስለሚከተል 13ኛዋን ወር ጳጉሜን አያውቃትም። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለተራው የፍለጋ መጠይቅ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እነዚህ ሌላ ተጠቃሚ ታስቦ የተሰጡ ውሳኔዎች እንጂ የማዕቀፉ ስሕተቶች አይደሉም። የተጠቃሚውን ሞዴል በራስ ሞዴል መተካት ይቻላል፤ ሠንጠረዦቹ ከተፈጠሩ በኋላ መለወጡ እጅግ አድካሚ በመሆኑ ግን ጥያቄው ሥራው ሲጀመር ሊነሣ ይገባል።

ጥገኝነቱ በቀጥታ በመረጥነው ማዕቀፍም አያበቃም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ የክንውን መመዝገቢያ ቤተ መጻሕፍት ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ብዙ ተቋማት መጀመሪያ የተቸገሩት ቤተ መጻሕፍቱ በሥርዓታቸው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በማወቅ ነበር። በሌላ ጥገኛ ተንጠልጥሎ ገብቶ ነበርና።

ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም በእጅ እንጻፍ ማለት አይቻልም። በእጅ የተጻፈም ኤስኪውኤል የራሱ ስሕተት አለው፤ የአንድ ተማሪ ጊዜም ውስን ነው። የሚያስፈልገው ግልጽነት ነው። ስለዚህ ማዕቀፍን መሠረት ያደረገ ጥናት ሁሉ ሦስት ነገሮችን ቢያሟላ መልካም ነው፦ አንደኛ፣ በተለኩት ተግባራት ላይ የተላኩትን መጠይቆች ብዛትና ይዘት በአባሪ ማቅረብ፤ ሁለተኛ፣ ጥገኛ ቤተ መጻሕፍትን ከነሥሪታቸው መዘርዘር፤ ሦስተኛ፣ የማዕቀፉ ነባሪ ውሳኔዎች ከተጠቃሚው ሁኔታ ጋር የሚጋጩባቸውን ቦታዎች መግለጽ።

ይህን ለመፈጸም አዲስ ወጪ አያስፈልግም፤ መጠይቆቹን የሚመዘግበው መሣሪያ በማዕቀፎቹ ውስጥ አስቀድሞ አለ። የሚጎድለው ጠያቂ ነው። አማካሪዎችና ፈታኞች «በምን ሠራኸው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥለው «ከሥሩ ምን እንደተላከ አይተሃል?» ብለው ቢጠይቁ ተማሪው ከመከላከያው ቀን በፊት መልሱን ፈልጎ ያገኘዋል።